ኮላ የተጻፈበት ጣሳ

ቲቸር፣
እኔ ወደ ወርክሾፕ ሮጫለሁ።

ሙዝ ብቻ ጎርሰህ እንዳትወጣ! ስኳሩ ቶሎ ያልቅና አራት ሰዓት ላይ በተማሪ ላይ መጮህ ትጀምራለህ። የለውዝ ቅቤ ቅባበት። ቅባቱና ፕሮቲኑ ስኳሩ ቀስ ብሎ ወደ ደም እንዲገባ ያደርጋሉ፤ እስከ ምሳ ሆድ ይይዛል።

«የታለ?» ማለትህ አይቀርም። አልጋዬ ሥር ነው፣ «ኮላ» ብዬ የጻፍኩበት ጣሳ ውስጥ። በጣትህ እየዛቅክ ስታሟጥጥብኝ ጊዜ ደብቄው ነው።

አዎ፣ ትናንት የጫማህን ሶል የለጠፍክበት ጣሳ። ጉንፋን ባይዝህ ኖሮ ይሸትህ ነበር። እኔማ መደበቄ እንዳይታወቅብኝ ብዬ አልነገርኩህም።

ጫማህን በር ላይ ታገኘዋለህ። ጉንዳኖቹ ቁርስ ላይ ናቸው፤ እስኪጨርሱ አዲሱን ጫማዬን አድርግ።

አናጺው