አማቴና ሳሙራዩ

ቅዳሜ፣ ጁላይ 16፣ 2016

እፎይ! አማቴንና ልጄን ሳሮንን ዴንቨር ሲኒማ መውሰድ ከትናንት ጀምሮ ጨንቆኝ ነበር። አማቴ እንግሊዝኛ አይችሉም፤ ሳሮን ደግሞ አማርኛ ብትሰማም የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው። ደግነቱ ፊልሙ ድምፅ የሌለው የድሮ የጃፓን ኮሜዲ ስለሆነ ከማስተርጎም ተረፍኩ። ፈሪው ሳሙራይ ሰይፉን ጥሎ ሲሸሽ ሁለቱም ተንከተከቱ። ጠላት ከኋላው ሲመጣበት ግን አማቴ መርካቶ የህንድ ፊልም ሲያዩ እንደለመዱት ጮኹ፦ «ከኋላህ!» ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«እማማ፣ ኧረ ዝም ይበሉ!»

«ዝም ልበልና ሰውየው ይሙት?»

ትንሽ ቆይቶ ሌላ ጠላት መጣ። «ከኋላህ!» የሚል ጩኸት ሰማሁና ወደ አማቴ ዞርኩ። አፋቸውን በነጠላቸው ይዘዋል።

የጮኸችው ሳሮን ናት።