የግራው ስፒከር

እሑድ፣ ጥቅምት 6

ሞተሯን አጠብኩ። ከፊት መስታወቷ እስከ ኋላ ሳጥኗ ድረስ። እሷ በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጣች ታየኛለች። (እዚህ ቤት "እሷ" የምትባለው አንድ ሰው ናት፣ ባለቤቴ።) "እኔን እንዲህ አገላብጠህ ተንከባክበኸኝ ታውቃለህ?" ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ድሮ ሳትል አታልፍም ነበር። ምንም አላለችም።

ከሰዓት እስከ ግድቡ ነድተን ተመለስን። መንገዱን ሙሉ ዝም። ከሚያዝያ ጀምሮ እንዲህ ናት። ድሮ ከኋላዬ ሆና፣ አገጯን ግራ ትከሻዬ ላይ አስደግፋ ስታወራኝ ነበር ኪሎሜትሩ የሚያልቀው። ስለ ጎረቤት፣ ስለ ደመናው፣ አሁን ያለፍነው ሰውዬ ስለለበሰው ኮት... አሁን አገጯ አለ፣ ወሬዋ የለም። አንዳንዴ አገጯ ትከሻዬ ላይ ሲንቀሳቀስ ይታወቀኛል። ማስቲካ ታኝካለች መሰለኝ።

ምን አድርጌ አስቀየምኳት? ወይስ ሰለቸኋት? ይሄን ሁሉ ዓመት አብረን ኖረን አሁን... እንጃ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 8

ትንሿ ልጃችን ደወለች። አዲስ ቤት ገብታለች። ኅዳር መጀመሪያ ላይ መጥታችሁ እዩልኝ አለች። ግማሽ ቀን የሚፈጅ መንገድ ነው፣ ደስ የሚል መንገድ። "በሞተሯ ከች እንላለን" አልኳት። እሷ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና፣ "እኔ በአውቶቡስ ነው የምመጣው" አለቻት።

በአውቶቡስ?

ስልኩ ሲዘጋ ጠየቅኳት። "ምነው?"

"አውቶቡስ ውስጥ ቢያንስ አጠገቤ የሚቀመጠው ሰው ያናግረኛል።"

ይሄ ምን ይባላል? ዝም ያለችው እሷ፣ ከሳሿም እሷ። ሞተሯን የገዛሁት ለሁለት ሰው ነው። ከኋላዬ ባዶ ወንበር ይዤ ግማሽ ቀን ልነዳ?

እራት ላይ ሐሳብ መጣልኝ። ልጅቱ ድሮ የሰጠቻት ትንሽዬ የዘፈን ማጫወቻ አለች፣ የክብሪት ሳጥን የምታህል። እሷ የምትወዳቸው ዘፈኖች በሙሉ ውስጧ ናቸው። ሞተሯ ደግሞ ሬዲዮ አላት፣ ግራና ቀኝ ስፒከር አላት። ማገናኘት ብቻ ነው። ዘፈን ካለ ታንጎራጉራለች። ካንጎራጎረች ታወራለች። ካወራች አውቶቡሱ ይቀራል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 12

ሬዲዮው ሥር የጎማ ክዳን ያላት ክብ ቀዳዳ አለች። ስንት ዓመት ስነዳ ልብ ብያት አላውቅም። የገመዱን አንዱን ጫፍ እዚያ ሰካሁ፣ ሌላውን ማጫወቻዋ ላይ። ማጫወቻዋ በመንገድ ላይ እንዳትሞት ቻርጀሯን ከሞተሯ ባትሪ አገናኘሁ። ሬዲዮውን "ኦክስ" የሚለው፣ ከውጭ ድምፅ የሚቀበልበት ላይ አደረግኩ። ሞተር አስነሳሁ።

ዘፈን መጣ። ከዘፈኑ ጋር ግን ቀጭን ፉጨት። ጋዝ ስሰጥ እሱም አብሮኝ ይጮሃል። ገመድ ብነካካ፣ ባጠብቅ፣ ባላላ... ወይ ፍንክች። በመጨረሻ እሷ ከወጥ ቤት ወጥታ መጣችና ቻርጀሩን መዥረጥ አደረገችው። ፉጨቱ ጠፋ።

"እንዴት አወቅሽ?"

"የወንድሜ መኪናም እንዲህ ነበር። ከመስኮት 'ቻርጀሩን ንቀለው' እያልኩ ስጮህ የማትሰማው ሆን ብለህ ነው?"

"ሞተር ተነስቶ ማን ይሰማል?" አልኳት።

አሁን የቀረው ሌላ ጣጣ ነው። የግራው ስፒከር አይሠራም። ጎንበስ ብላ አዳመጠችና፣ "ይሠራል እኮ" አለች።

"አይሠራም።"

"ይሠራል አልኩህ።"

ልታጽናናኝ ነው። ከቀኝ እንጂ ከግራ ምንም የለም። ይሁን። ዕድሜዬን የፈጀሁት የውሃ ፓምፕ ስጠግን ነው። ውሃ ሲጠፋ መላው አንድ ነው፦ ከምንጩ ጀምረህ እስከ ቧንቧው ጫፍ ትሄዳለህ፣ በየደረጃው አንድ አንድ ነገር ትቀይራለህ። ጥፋቱ የትም አያመልጥም።

እሑድ፣ ጥቅምት 13

አዲስ ገመድ። ግራው ያው።

ቢሆንም "ነይ እንሞክረው" ብዬ ይዣት ወጣሁ። ከከተማ ወጣ እንዳልን ሁለቴ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። የኛ ምልክት ናት፤ አንዴ ከሆነ ቀስ በል፣ ሁለቴ ከሆነ ቁም። ቆምኩ። "ምነው ቆምክ?" አለችኝ። ምንም የለም አልኩና ቀጠልኩ። ትንሽ እንደሄድን እንደገና መታ መታ። ዳር ያዝኩ።

"ምን ሆነሽ ነው? አመመሽ?"

"እኔ ምን ሆንኩ? አንተ ነህ እንጂ በየሜዳው የምትገትረኝ።"

"ሁለቴ መታሽኝ እኮ።"

አፏን ይዛ ሳቀች። ለካ የዘፈኑን ምት እየመታች ነው፣ ትከሻዬን ከበሮ አድርጋው። እዚያው መንገድ ዳር ቆመን እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። እንዲህ ሳንስቅ መክረማችንን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ "ሳወራህ ጆሮ ዳባ ልበስ፣ ስመታህ ግን ትሰማለህ" አለች። መቼ አወራሽኝና ልላት ነበር። ደስ ብሏት ሳለ ነገር አላነሳም ብዬ ተውኩት።

አውቶቡሱን ግን አልሰረዘችም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 16

የስፒከሮቹን ሽቦ አቀያየርኩ፣ የቀኙን ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ። ግራው ዝም። እንግዲያው ጥፋቱ ከራሱ ከስፒከሩ ነው ብዬ አዲስ ገዝቼ ገጠምኩ። ግራው ዝም። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነብኝ።

እጄን ሰጠሁ። ሞተሯን ፊውዝ ጋ ወሰድኳት። የሞተር ኤሌክትሪክ ሠሪ ነው፤ ቶሎ ስለሚቃጠል ነው ፊውዝ ያሉት። ዛሬ ግን አልተቃጠለም። ከፈተ፣ ለካ፣ አዳመጠ።

"ጋሼ፣ ሁለቱም ይሠራሉ።"

"አንተም ከእሷ ጋር ተመሳጠርክ?"

መለኪያውን አስቀመጠ። ቀጥሎ፣ "ጋሼ፣ ፓምፕ ቤት ውስጥ ብዙ ዘመን ነው የሠሩት፣ አይደል?" አለኝ።

"አዎ። ምን አገናኘው?"

"አይ... እንዲያው ነው።"

ቤት ገብቼ ለእሷ ነገርኳት። "ይሄ ልጅ ነካ አድርጎታል፣ ስለ ስፒከር ስጠይቀው ስለ ፓምፕ ያወራኛል።" ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋዋ ቆመ። እራት እስክንጨርስ ዓይኗን ከላዬ አላነሳችም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 19

ጠዋት ወጥ ቤት ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ማጫወቻዋን ያዘች፣ የጆሮ ማዳመጫ ሰክታበታለች። አንዱን ቀኝ ጆሮዬ ውስጥ ከተተችው።

"ይሰማል?"

"ቁልጭ አድርጎ።"

ያንኑ አውጥታ ግራው ውስጥ ከተተችው።

"አሁንስ?"

"አጠፋሽው እኮ።"

አላጠፋችውም። ከጆሮዬ አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ወደ ቀኝ ጆሮዬ አስጠጋሁት። ዘፈኑ ይዘፍናል። መልሼ ወደ ግራ... ምንም። ወደ ቀኝ... ዘፈን። ስንቴ እንዳመላለስኩት አላውቅም። እሷ ትከሻዬን ይዛ ትጠብቀኛለች።

ገመዱን ቀየርኩ፣ ሽቦውን ቀየርኩ፣ ስፒከሩን ቀየርኩ። እስከ ቧንቧው ጫፍ ሄጄ ቧንቧው ሥር የተቀመጠውን ባልዲ ሳላይ ቀረሁ።

ያኔ ነው ማስቲካው ትዝ ያለኝ።

"ሞተር ላይ... ማስቲካ አይደለም የምታኝኪው?"

"የምን ማስቲካ? ጥርሴን ካመመኝ ወዲህ ማስቲካ በአፌ ዞሮ አያውቅም።"

"አገጭሽ ይንቀሳቀሳል።"

"እያወራሁህ ነዋ!"

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ያን ሁሉ ጊዜ ስታወራኝ ነበር። ስለ ደመናው፣ ስለ ሰውዬው ኮት። መልስ ስታጣ ጮክ ትላለች። ጮክ ብላም ስታጣ ታኮርፋለች። ሰለቸሁት ብላ ደምድማ፣ ለእህቷም ነግራ፣ አልቅሳም እንደነበር ዛሬ ነገረችኝ።

"እኔም ሰለቸኋት ብዬ ነበር" አልኳት።

"አንተን? ገና መች ጠገብኩህና።"

ይቺን በቀኝ ጆሮዬ ነው የሰማኋት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 21

የጆሮ ሐኪም። ልጅ እግር ናት፣ አባቴ እያለች ታናግረኛለች። የግራው አብዛኛው ሄዷል፣ የሄደው አይመለስም። የፓምፕ ጩኸት ቀስ በቀስ በልቶት ነው። የማዳመጫ መሣሪያ ይታዘዛል፣ ትንሽ ያግዛል። "ቀኙን አደራ" አለችኝ። ሞተር ልንዳ ወይስ ልተው ብዬ ጠየቅኳት። "ይንዱ፣ መስታወትዎን ደጋግመው ይዩ፣ ፓምፕ ቤት ግን ጆሮዎን ሳይሸፍኑ እንዳይገቡ" አለች።

ፓምፕ የሚያመው የት ላይ እንደሆነ በድምፁ ለይቼ የማውቅ ሰው... የራሴን ሳላውቅ።

ደጅ ስንወጣ፣ "በአውቶቡስ ብትሄጂ አልፈርድብሽም" አልኳት። "ደንቆሮ ባል ይዞ መንገድ..."

"አፍህን ያዝ" አለችኝ። ክንዴን የያዘችው በቀኝ በኩል ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 24

ገበታ ላይ ወንበር ተቀያየርን። አልጋ ላይም ጎን ተቀያየርን። ግድግዳ በኩል የምተኛው አሁን እኔ ነኝ። ይጠባል። እሷ ታወራለች፣ እኔ እመልሳለሁ፣ ጥበቱን እረሳዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 3

ልጅቱ ቤት ነው የምጽፈው። ቤቷ ፀሐይ ይገባዋል፣ ደስ ይላል።

ጠዋት እሷ ሻንጣዋን ይዛ ወጣችና ሳትጠየቅ የሞተሯ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ስለ አውቶቡስ አንድም ቃል አልተነሳም። ማጫወቻዋን ሰካሁ። የግራው ስፒከር የእሷ፣ የቀኙ የኔ ተባባልን። ወጣን። ዘፈኑ ጥሩ ነበር፣ መንገዱ ጥሩ ነበር። ሁለቴ ትከሻዬን መታችኝ። "መቆም ነው ዘፈን?" አልኳት። "ዘፈን" አለች።

ከከተማ መውጫ ያለውን ድልድይ እንዳለፍን አገጯ መጣ። ቀኝ ትከሻዬ ላይ። መንቀሳቀስ ጀመረ። ከዘፈኑ ጋር ተደባልቆብኝ ግማሹ አመለጠኝ።

እጄን ሰድጄ ሙዚቃውን አጠፋሁት።

"ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?"

"ደህና ነው። ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ።"

"ከየቱ መጀመሪያ?"

"ከሚያዝያ።"

ጉሮሮዋን ጠራረገች። ከዚያ ጀመረች፤ ያን ቀን ስላለፍነው ሰውዬ፣ ኮቱን ገልብጦ ስለለበሰው...

የልጅቱ በር ላይ ስንደርስ ገና ሰኔ ላይ ነበርን።