በገዛ ድምፄ ያነበብኩት

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬም ሳሪስ ጋሼ ቤት ዋልኩ። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ፣ አገር የሚጠብቀውን ልብወለዳቸውን ቅዳሜ ቅዳሜ ለጓደኞቻቸው የማነበው እኔ ነኝ። ዛሬ የራሴንም አጭር ልብወለድ እንዳነብ ፈቅደውልኝ ነበር።

በሳቸው ምዕራፍ ጀመርኩ። የታመመ ባሏ ውሃ ሲለምናት «ይቺን ገጽ ልጨርስ» ስለምትል ሴት ነው። ያቺ ሴት እኔ ነኝ። የባሌን ነገር የነገርኩት ለጋሼ ብቻ ነበር።

እንደምንም ጨረስኩት። አጨበጨቡ።

«ጋሼ፣ ይቺን ጨካኝ ከየት አመጧት?» አለ ገጣሚው ጓደኛቸው።

«ከጭንቅላቴ ነዋ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ «በይ እስቲ፣ ያንቺን አሰሚን» አሉኝ።

የኔም ጽሑፍ ስለዚያው ውሃ ነው። ስንት ጊዜ ቀድጄ የጻፍኩት! አሁን ባነበው ከሳቸው የቀዳሁት ይመስላል።

«አላለቀም» አልኩ።

«ያንቺ ደግሞ መቼ ያልቃል!» አለ ገጣሚው። ሁሉም ሳቁ።

ቃሊቲ እስክደርስ ታክሲው ውስጥ ስንገበገብ መጣሁ። በሳቸው ምዕራፍ ባልየው ውሃውን ጠጥቶ «አይዞሽ» ይላታል። የኔው ብርጭቆውን ይዤ ስደርስ አልፎ ነበር፤ ጋሼም ይህን ያውቃሉ። «አይዞሽ» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ተሰበረ። እነሱ የንባብ ችሎታ መስሏቸው ነው ያጨበጨቡት።