ሲሚንቶ ውስጥ የገቡት ሚኒስትር

ወዳጄ፣ ይህን ፖስት ካርድ የምትጽፍልኝ የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ፣ ያገራችን ልጅ ናት፤ እኔ ካሜራ እንጂ እስክሪብቶ እንደማልይዝ ታውቃለህ። ትናንት ያን ለመንግሥት ያነሳሁትን የድልድይ ምረቃ ፊልም እዚህ ውጭ አገር፣ የፊልም ፌስቲቫል ላይ አሳዩት። ሚኒስትሩ ያልደረቀ ሲሚንቶ ውስጥ ዘው ሲሉ፣ ግንበኛው በብብታቸው ይዞ ሲያወጣቸው፣ አዳራሹ ሙሉ ሰው በሳቅ ፍርስ አለ። እኛ ዘንድ የሚጨበጨበው እንኳ በትእዛዝ ነበር!

አለቃችን መቀስ አስይዞ «ይቺን ቆርጠህ ጣል» ሲልህ የጣልካት መስሎኝ፣ ሠላሳ ዓመት ፈሪ እያልኩ ሰደብኩህ። ለካ፣ አዘጋጆቹ እንደነገሩኝ፣ ለእሱ የተቆረጠውን አሳይተህ ሙሉውን መጋዘን ውስጥ ደብቀኸው ኖሯል! ምነው አንድ ቀን እንኳ ብትተነፍስ? ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ያን ክብር ለማንም አልሰጥም። ያተረፍከው ግን አንተ ነህ። ይቅር በለኝ። ልጆቹንና እናታቸውን ሰላም በልልኝ።

«አባባ፣ ካርዱ ሞላ» አለችኝ ልጅቷ። እስቲ ልጄ፣ «ይቅር በለኝ» ያልኩት መግባቱን አንብቢልኝ።