ሳልመኖቹን ያገደው ቱቦ

ሰኞ፣ ኖቬምበር 2013

ዘጠኝ የሳልመን ዓሣ ቆጠርኩ፤ ዘጠኙም ከቱቦው በታች ታግደዋል። ሬንተን ከተማ ውስጥ አንዲት ትንሽ ወንዝ በመንገዱ ስር የምታልፍበት ቱቦ ነው። አፉ ከውሃው ከፍ ስላለ ዘለው አይደርሱበትም። ከባሕር ድረስ እንቁላል ሊጥሉ መጥተው እዚህ ይቀራሉ።

እትዬ አልማዝ ጎንበስ ብለው፣ "ሕይወት፣ ይቺን እያት፤ ሆዷ ሙሉ ነው" አሉኝ። ጠዋት ሆስፒታል ያጸዳሉ፣ ከሰዓት እዚህ ናቸው። ዓሣዎቹን መከታተል ከጀመሩ አሥር ዓመታቸው ነው።

የአካባቢው መስተዳድር፣ ካውንቲው፣ ቱቦውን ሊቀይር ተስማምቷል። የቁፋሮ ማሽኑ የሚገባው ግን ወንዟ ዳር በሚኖሩት በአቶ በየነ ጓሮ ነው። ፈቃዱን እስከ ዓርብ ካልፈረሙ ሥራው ወደ ሌላ ወንዝ ይሄዳል።

ማክሰኞ

አቶ በየነ በር ላይ አቆሙን። "ለዓሣ ብዬ አጥሬን ላስፈርስ?"

እትዬ አልማዝ አልተከራከሩም። "እውነትዎን ነው፤ የደከሙበት ግቢ ነው" ብለው ወጡ። እኔ ተናድጃለሁ። እሳቸው መኪና ውስጥ፣ "የሚፈሩትን ነግረውናል እኮ" አሉ።

ረቡዕ

እዚህ ሶዶ በሚሉት ሰፈር መጋዘን ውስጥ ስሠራ ዋልኩ። በምሳ ሰዓት እትዬ አልማዝ ኮል አደረጉልኝ። ካውንቲ ሄደው፣ አጥሩ እንደነበረ ተመልሶ እንደሚሠራ ቃል በጽሑፍ ተቀብለዋል። እኔ ብሆን ትቼው ነበር።

ሐሙስ

ዝናብ። አቶ በየነ ጽሑፉን አነበቡ፤ አልፈረሙም።

"እንግዲያው አንድ ነገር ልለምንዎት" አሉ እትዬ አልማዝ። "ወንዙ ድረስ አብረን እንውረድ።"

ጃንጥላ ያዝኩላቸው። አንዷ ሳልመን ዘለለች፤ የቱቦውን ጠርዝ መትታ ወደቀች። ደግማ ዘለለች። ደግማ ወደቀች።

"ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው?" አሉ አቶ በየነ።

"በየዓመቱ።"

አቶ በየነ ወደ ቤታቸው ገቡ። ተቆጥተው ይሁን አዝነው አላወቅንም። 

ዓርብ

አቶ በየነ ፈረሙ! ወረቀቱን ራሳቸው ካውንቲ ወስደው ሰጥተዋል። ለእትዬ አልማዝ ደውለው፣ "ጽጌረዳዎቼን ብቻ አደራ" አሏቸው። እትዬ አልማዝ ስልኩን ዘግተው የቤታቸው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

ቁፋሮው ግን የሚጀመረው በሚቀጥለው ዓመት ሰመር ላይ ነው። የዘንድሮዎቹ አያልፉም። ይህን ስላቸው፣ "እኔንም ያሳዝነኛል" አሉ። "ከቱቦው በታች ትንሽ ጠጠር አለ፤ ምናልባት እንቁላላቸውን እዚያው ይጥሉ ይሆናል።"

እንደ እሳቸው አሥር ዓመት መታገስ እችል እንደሆነ አላውቅም። ብቻ ማሽኑ በሚገባበት ሳምንት ወንዟ ጋ ስለምሆን ሥራ እንደማልገባ ለአለቃዬ ከአሁኑ ነግሬዋለሁ።