የክቡር ቲያ ዕረፍትና የወይዘሮ ቱክ ድምፅ

በሁዌ ከተማ የሚገኘው የንግግር ማሽን ምርምር ክፍላችን፣ የጎረቤታችን የአቶ ፉንግ አውራ ዶሮ የነበሩት ክቡር ቲያ ባለፈው ቅዳሜ በተፈለፈሉበት ግቢ፣ በእርጅና ምክንያት፣ በሰላም ማረፋቸውን ለሠራተኞቹ፣ ለዐይነ ስውራን ማኅበር አባላትና ለሰፈሩ ሕዝብ የሚያስታውቀው በጥልቅ ሐዘን ነው።

ክቡርነታቸው ከድምፅ መቅረጫችን ግድግዳ ማዶ፣ ከቅርጫት ሥር ይኖሩ ነበር። የሥራ ሰዓት አልነበራቸውም፤ ሰዓቱ ሁሉ ሥራቸው ነበር።

ከቴት፣ ከአዲስ ዓመት በዓላችን፣ ማግስት፦ ክፍላችን በሁዌ አነጋገር ጽሑፍ የሚያነብ ማሽን ለመሥራት ተነሣ። እስከዚያ ለከተማችን ዐይነ ስውራን የሚያነብላቸው የዋና ከተማው የሃኖይ አነጋገር ያለው ድምፅ ነበር፤ የማኅበሩ ሊቀ መንበር «ማንበቡስ ያነባል፤ ግን ሁልጊዜ ለስብሰባ የሚጠራን ይመስላል» ሲሉ በይፋ አቤት ብለዋል። ጡረተኛዋ የሬዲዮ አንባቢ ወይዘሮ ሚን ቱክ ድምፃቸውን ለመስጠት ፈቀዱ። ወይዘሮዋ ጉሮሯቸውን ታመው ነበርና በግንቦት ማንቁርታቸው በቀዶ ሕክምና እንዲወጣ ተወስኗል። እስከዚያ ያልተቀረጸ ድምፅ ከዚያ በኋላ መቼም አይቀረጽም።

መጋቢት፦ ማሽኑ ተሞከረ። በወይዘሮ ቱክ ድምፅ አሳምሮ አነበበ፤ አራት ነጥብ ላይ በደረሰ ቁጥር ግን «ኩኩሉ!» አለ። ለካ ክቡርነታቸው ወይዘሮዋ ትንፋሽ በወሰዱ ቁጥር መልስ ይሰጡ ኖሯል! ሥራው ሁሉ እንደ አዲስ እንዲቀረጽ ሆነ።

የክፍላችን ኃላፊ ዶክተር ቪን ወደ አጥሩ ቀርበው «ጋሽዬ፣ ዶሮውን ይሽጡልን» ቢሉ፣ አቶ ፉንግ «ማሽን ማናገር ቢያቅታችሁ ዶሮ ዝም ልታሰኙ መጣችሁ?» የሚል ምላሽ ሰጥተዋል። የወይዘሮ ቱክ ነገር ሲነገራቸው ግን አልተከራከሩም።

ሚያዝያ፦ አቶ ፉንግ ክቡርነታቸውን ማለዳ ማለዳ በሞተር ሳይክል ወንዙን አሻግረው እኅታቸው ቤት እያደረሱ፣ ማታ ይመልሷቸው ነበር። በዝናብ ቀን የዝናብ ልብሱን የሚለብሱት ክቡርነታቸው ነበሩ። ቀረጻው ወይዘሮዋ ሆስፒታል በሚገቡበት ዋዜማ ተጠናቀቀ።

ክፍላችን ውለታቸውን አይረሳም። ማሽኑ ዛሬ የሁዌን ሰው በሁዌ አንደበት ያነብለታል። ለአቶ ፉንግ፣ ለእኅታቸውና ከክቡርነታቸው ጋር አንድ ቅርጫት ሥር ላደሩ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን።

ማረሚያ፦ ከላይ ስለ አሟሟታቸው የተገለጸው ትክክል አይደለም። ሐኪሙ ለወይዘሮ ቱክ ምግብ መዋጥ በፈቀደበት ዕለት፣ አቶ ፉንግ «እትዬ፣ ለታመመ ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር ቤቴ የለም» በማለት ክቡርነታቸውን በገዛ እጃቸው አርደው፣ ከሩዝ ጋር ቀቅለው፣ በሳህን አቅርበዋል። ወይዘሮዋ ቀምሰው ስልካቸው ላይ ጻፉ፤ ማሽኑም በራሳቸው ድምፅ «ጋሽ ፉንግ፣ ጨው ይጎድለዋል» ሲል አነበበ። ከአራት ነጥቡ በኋላ፣ ልንጠይቃቸው የሄድን ሁላችንም ጆሯችንን ሰጠን። ምንም አልጮኸም። አቶ ፉንግ ጨው ላምጣ ብለው ወጥተው ብዙ ቆዩ።

ስለዚህ «በእርጅና ምክንያት» የሚለው «ለወይዘሮ ቱክ ሲባል» ተብሎ ይነበብ።