አባ ድረስ ብለሽ እንዳትጽፊለት

ይድረስ ለእናታችን በኩር፣ ለእኔም ሁለተኛ እናቴ ለሆንሽው ለእቴቴ ለወለተ ኪዳን። በዚያ በስደቱ አገር በገዳሪፍ ሐሩር እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽን ያምሽ የነበረው ተሻለሽ ወይስ የሰው አገር ሌላ ጨመረበት? ባልሽ ኃይለ ሚካኤልስ እንደምን አለ? ልጆቹስ የአገራቸውን ቋንቋ አልረሱትም? እኛ እመቤታችን ትመስገን ከአንዱ በቀር ሁላችን ደኅና ነን። ኃይለ ሚካኤል "ከአንዱ በቀር" የሚለውን ሲያነብልሽ ደንግጠሽ እንዳትጮኺ። በሕይወት አለ። የምጽፍልሽም በሕይወት እንዲቆይ ብዬ ነው።

ነገሩ ስለ ታናሻችን ስለ እንዳላማው ነው። ባለፈው መስቀል ጣሊያኖቹ ያገሩን ፈረሰኛ ሁሉ ደብረ ማርቆስ ሰብስበው በፊታቸው ጉግስ አጫወቱት። የቀረ እንደ ሽፍታ ይቆጠራል ስለ ተባለ እሱም ዳማውን ፈረሱን ጭኖ ሄደ። ፈረሱን "ድረስ" ብዬ የሰየምሁት እኔ እንደ ሆንሁ ታውቂያለሽ፤ በእሱም ምክንያት ወንድማችን ለአገሩ ሁሉ "አባ ድረስ" ሆኖ ቀረ። ያን ቀን ዘንጉ ከሁለት ወገን ሲዘንብ እሱን የነካው አልነበረም። አብሮ አደጉን ቢተውን ሦስት ጊዜ አባርሮ ሦስቱንም ጊዜ ጀርባውን አገኘው። የጣሊያኑ ሹም ወርዶ ትከሻውን መታ መታ አደረገው፤ ከፈረሱ ጋራ አቁመውም ፎቶግራፍ አነሱት። ሕዝቡም እልል አለ። እልልታው ለማን እንደ ነበረ እግዜር ይወቀው። እንዳላማው ቤቱ ገብቶ ኮርቻውን አወረደና ተኛ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ተነሣ አይባልም።

ሰው "በጠላት ፊት መጫወቱ ቆጭቶት ነው" ይላል። ይሆናል። ለአንቺ ግን አልዋሽም፤ ይህ ነገር ጣሊያን ሳይመጣም ነበረ። ትዝ ይልሽ እንደሆነ በጥምቀት አሸንፎ በመጣ ቁጥር ሦስት ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛ ነበር። የተሸነፈው ቢተው ሲጨፍር አሸናፊው ተኝቶ ይውላል እያልን ስንሥቅ፣ ደክሞት ነው ብለን ጠላ ስናቀርብለት ኖርን። አሁን ሦስቱ ቀን ሦስት ወር ሆነ።

ትኩሳት የለበትም፣ ቁስል የለበትም። ሁለት ጉርሻ በልቶ እጁን ይታጠባል። ሥራነሽ ስታናግረው ሚስቱ ሳትሆን ከወንዝ ማዶ የሚጣራ ሰው ይመስል ቆይቶ ነው የሚመልስላት። አዝመራው ሲሰበሰብ ማጭድ አላነሣም። እናታችን ዓይን በልቶት ነው ብላ ሰባት ቀን ጠበል አስጠመቀችው፤ አንዱ ደብተራ መተት ነው አለ፤ ጎረቤቱ ደግሞ ጥጋብ ነው አለ። ከሁሉም የከፋውን ያደረግሁት ግን እኔ የቅኔ መምህር ተብዬው ነኝ።

ለኅዳር ሚካኤል ማኅበሩ እኛ ቤት ነበር። ልቡን ያነሣሣልኛል ብዬ አንድ ግጥም አዘጋጀሁ፤ "ድረስ" የሚለው ቃል ሰሙ የፈረሱ ስም፣ ወርቁ የጭንቅ ቀን ጥሪ የሚሆንበት ነው። አምሮልኛል ብዬ ኮርቼም ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ገና ጨርሼ ሳልቀመጥ ቤቱ ሙሉ "አባ ድረስ! አባ ድረስ!" እያለ ደነፋ። እንዳላማው ዋንጫውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ወጣ። ሊናፈስ ነው ብለን ተውነው። ሲዘገይብኝ ፍለጋ ወጥቼ ገደሉ አፋፍ ላይ እግሩን ወደ ታች አንጠልጥሎ ተቀምጦ አገኘሁት። ጠዋቱን ጋሻውን ለቢተው እንደ ሰጠው፣ ፈረሱንም ከነለኮው ከነልጓሙ ሜዳ ላይ እንደ ለቀቀው የሰማሁት ኋላ ነው። አጠገቡ ስቀመጥ ቀና ብሎም ሳያየኝ "ድረስ ድረስ ትሉኛላችሁ፤ የት ልድረስ? ደርሼ አየሁት እኮ፤ ምንም የለም" አለኝ።

እቴቴ፣ ሃያ ዓመት የቆጠርሁትን ቅኔ ሁሉ እዚያው ገደሉ ላይ ትቼ ክንዱን ይዤ ወደ ቤት መለስሁት። ከዚያ ወዲህ በቤቱ ያለውን ገመድና መጫኛ ሁሉ ለቅሜ እኔ ጎጆ ቆልፌበታለሁ። ለሥራነሽ እህል ላስጭንበት ነው አልኋት። ያመነችኝ አይመስለኝም፤ እሷም ቢላዋውን ከዱቄቱ ውስጥ ቀብራው አይቻለሁ። ሁለታችንም እየፈራን፣ መፍራታችንን ግን እየተደባበቅን ነው የምንኖር።

በኋላ እንዳላማውን ፈረስ ያስተማረው ሽማግሌው አያ ፈንታ መጣ። አንድም ምክር ሳይሰጥ ከአጠገቡ ተቀምጦ ዋለ። ስሸኘው ከደጅ ቆም ብሎ "እኔም በጉብዝናዬ ሦስት ክረምት እንዲህ ሆኜ ነበር፤ ለሚስቴም አልነገርሁ" አለኝ። "ፈረሰኛ ሲወድቅ አጥንቱ ተሰብሮ እንደሆነ ይዳስሱለታል፤ ሌላውን ማን ይዳስስለታል? ሰዉ የሚያውቀው ፈረሰኛውን ነው። ይህ ልጅ ከፈረሱ በፊት ማን ይባል ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ።

ያን ጊዜ አንቺ ትዝ አልሽኝ። እናታችን ታማ ሳለ አዝለሽው ወደ ወንዙ እየወረድሽ እንኮይ ስትለቅሚለት፣ አፉ ቀልቶ ሲመለስ "እንኮዬ" የምትዪው። በማግስቱ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀምጬ "እንኮዬ" አልሁት። ፊቱን ከግድግዳው መልሶ አየኝ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። "እሱ የእቴቴ ነው፤ አንተ ስትለው ያሥቃል" አለኝ። አልሣቀም፤ ያሥቃል ማለቱ ግን ለእኔ ሠርግና ምላሽ ነበር።

አሁን ያስጨነቀኝ ሌላም አለ። ለመጪው ጥምቀት ፈረሰኛ ይቅረብ የሚል ትእዛዝ ወጣ። ታሟል ብለን ምስለኔው ዘንድ ብንሄድ "ምኑን? እጁን ነው እግሩን?" አለን። ምኑን ብዬ ላሳየው? አያ ፈንታ ከኋላዬ ብድግ ብሎ እግሩ ተሰብሯል ብሎ ማለልኝ፤ ንስሓውን እኔ እካፈለዋለሁ። ቤት ገብተን ጤነኛውን እግር በሸንበቆና በጨርቅ ጠፍረን አሰርነው። ይኸውልሽ፣ ሦስት ወር ሙሉ ያልጠየቀው ሁሉ አሁን እንስራውን ተሸክሞ እየመጣ "እግዜር ይማርህ" ይለዋል። እሱም አንገቱን ደፍቶ "አሜን" ይላል። አሜን ሲል ስለ እግሩ እንዳልሆነ እኔ አውቃለሁ። የታሰረው እግር ጤነኛ መሆኑ ከታወቀ ግን ለሁላችንም መዘዝ ነው። ስለዚህ ደብዳቤውን ከጉንደ ወይን ገበያ አንሥቶ እስከ ገዳሪፍ የሚነግደው ዘመዳችን በበቅሎው ኮርቻ ውስጥ ሰፍቶ ነው የሚያደርስልሽ፤ አንብባችሁ አቃጥሉት።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። መምጣት ቢከብድሽ ደብዳቤ ላኪለት፤ ኃይለ ሚካኤል ከአፍሽ እየሰማ ይጻፍልሽ፣ ቃል አያሳምርልሽ። ጀግና ነህ አትበይው፣ በርታም አትበይው፣ አባ ድረስ ብለሽ ከቶ እንዳትጽፊለት። እንኮዬ በይው። የቀረውን ስለ ጉልበትሽም ቢሆን ስለ ገበያውም ቢሆን ጻፊለት፣ ግድ የለም።

እናታችን የሚያምሽን ጉልበት ስማ ሰላም ብላሻለች፤ ስለ ገመዱ አልነገርኋትም። ሥራነሽ ሰላም ብላሻለች። ቢተው ጋሻውን አደራ ነው እንጂ ስጦታ አይደለም ብሎ ከምሰሶው ሰቅሎ ይጠብቀዋል፤ ፈረሱንም እሱ ያበላል፤ ሰላም ብሎሻል። አያ ፈንታም እንደዚሁ። ኃይለ ሚካኤልንና ልጆቹን በእኔ ስም ሳሚልኝ።

እንዳላማውም ሰላም ብሎሻል ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ሳይል አለ አልልም ብዬ ብዕሬን ይዤ ሄድሁና ጠየቅሁት። ብዕሬን ሰብስቤ ስነሣ "እንኮይ ሲደርስ ትመጣ እንደሆነ ጠይቃት" አለኝ። እንኮይ የሚደርሰው ክረምት ሲዳዳ እንደ ሆነ አንቺም ታውቂያለሽ፤ ዛሬ ገና ታኅሣሥ ነው። ያን ሁሉ ወር ሊጠብቅሽ አስቧልና እቴቴ፣ መልሱን ለእሱ ላኪው።

ታናሽሽ መሪጌታ አካለ ወልድ
ቁይ፣ ታኅሣሥ ፲፱ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓመተ ምሕረት